ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ

ነሐሴ 12
ዛሬም ከናዝራዊት ጋር ተጣላሁ። ሲስተር ናዝራዊት የእናቶች ክፍል ኃላፊ ናት፤ ሆስፒታላችን ያለው አንድ አልትራሳውንድ ደግሞ የሚኖረው እሷ ክፍል ውስጥ ነው። ባትሪው ስለሞተ ከሶኬቱ ሲነቀል ይጠፋል። እኔ ክፍል ደግሞ የሚሠራ ሶኬት የለም። ስለዚህ ማሽኑ ወደ በሽተኛው አይሄድም፣ በሽተኛው ወደ ማሽኑ ይመጣል። እሺ፣ በሽተኞቼን ይዤ መጣሁ። "የሚያስሉ ሰዎች እዚህ እያስቀመጥሽ እርጉዞቼን ልታስይዢብኝ ነው?" አለችኝ። ልክ ናት። ይበልጥ ያናደደኝም ልክ መሆኗ ነው።

በመጨረሻ ተስማማን። እሷ ጋ ገብቼ አያለሁ፤ ሳንባቸው ዙሪያ ውሃ ካለ ጀርባቸው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ፤ ውሃውን የምቀዳበት መርፌ ግን ግቢውን ተሻግሮ እኔ ክፍል ይሆናል። ጎንደር ሥልጠና ላይ የተማርነው እንዲህ አልነበረም። አስተማሪያችን አንድ እጃችሁ የማሽኑን መዳሰሻ፣ ፕሮቡን፣ አንዱ መርፌውን ይያዝ፣ ምልክት አድርጋችሁ አትሂዱ፣ ሰው ሲነሣና ሲቀመጥ ውሃውም ቆዳውም ይንቀሳቀሳል ይል ነበር። እሱ ማሽኑን በኪሱ ይዞ ይዞራል። ይምጣና እዚህ ይሞክረው።

ነሐሴ 14
ሁለት ሰው አየሁ፣ ሁለቱንም ቀዳሁ። ምልክቱ ይሠራል። ዝናብ። መብራት የለም። እግሬ ደርቆ አያውቅም።

ነሐሴ 19
አንድ የዜማ መምህር አስተኛሁ። የኔታ ሐብተ ማርያም ይባላሉ። ደብራቸው ከዚህ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ በበቅሎ መጡ። ፍልሰታን ሙሉ ከነሳላቸው ጾመው፣ ፈስከው ነው የመጡት። ቀድመው ቢመጡ ምን ነበር ብዬ ልቆጣ አስቤ ሲናገሩ ስሰማ ተውሁት። በየሦስት ቃሉ ያርፋሉ።

ማሽኑ ላይ በግራ በኩል ግማሽ ደረታቸው ጥቁር ነው። ጥቁሩ ውሃ መሆኑን ነገርኋቸው። ከታች ከፍ ዝቅ የምትለዋን ነጭ መስመር ድያፍራም እንደምንላት፣ ከሥሯ ያለው ጣፊያ እንደሆነ፣ ውሃው ውስጥ የሚወዛወዘው ቁራጭ ደግሞ የሳንባቸው ጫፍ እንደሆነ በጣቴ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። አይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም።

"አርባ ዓመት ያዜምሁበት ይህ ነው?"

አዎ አልኋቸው።

"ምነው ትንሽ ሆነ?"

ናዝራዊት እንኳ ሳቀች። ባለቤታቸው ወይዘሮ እቴነሽ በሩ ላይ ቆመው ነበር። እስክሪብቶዬን አውጥቼ የኔታ ጀርባ ላይ × ሳደርግ ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፉ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ነሐሴ 21
ከየኔታ ዘጠኝ መቶ ሚሊ ቀዳሁ። ቢጫ፣ እንደ ጠጅ የጠራ። የሳንባ ነቀርሳ መሆኑ አይቀርም፣ መድኃኒት አስጀመርኋቸው። ከሰዓት በኋላ ካርድ ስጽፍ ከወንዶች ክፍል ድምፅ ሰማሁ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ያዜማሉ። ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የሚያስለው እንኳ ሳሉን ያዘው። አንዱን ሐረግ በአንድ ትንፋሽ ሲጨርሱት ታከለ፣ የኛ አንጋፋው ነርስ፣ ቴርሞሜትሩን በእጁ ይዞ ቀረ።

ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ለእማዬ ደውዬ ነገርኋት። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ሆና እልል አለች።

ነሐሴ 25
እስካሁን የቀዳሁት አሥራ አንድ ሰው። አንድም አልተበላሸብኝም።

ካርድ ክፍል ወረፋ ላይ አንዷ ለሌላዋ ስትነግራት ሰማሁ። ዶክተሯ መጀመሪያ መስቀል ታደርግበታለች፣ ከዚያ ነው የምትወጋው፣ ለዚያ ነው የሚድነው። ለታከለ ብነግረው እሱም ሳቀ እንጂ አልደነቀውም፤ በሽተኛው ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው አለኝ። መስቀል አይደለም፣ ቦታ ማስታወሻ ነው ብዬ ላስረዳ ይሆን? ምን ይጎዳል፣ ተውሁት። እንዲያውም ደስ ብሎኛል፤ አባቴ ቢሰማ ቅስና ተቀበልሽ ወይ ይለኝ ነበር።

ነሐሴ 28
ናዝራዊት ማሽኑ ያለበትን ክፍል ቁልፍ ይዛ ምሳ ሄደች። ሁለት በሽተኛ ዝናብ ላይ ቆመው ጠበቁ። ስትመጣ በሰው ፊት የማይባል ነገር ተናገርኋት። ራስሽ ሳትወልጅ አዋላጅ ሆንሽ አልኋት። ለምን አልሁ? ልጅ እንደሌላት፣ ስንት ዓመት እንደለመነች እዚህ ሁሉም ያውቃል። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ይቅርታ ልጠይቃት ይገባል። ነገ።

ነሐሴ 30
አልጠየቅኋትም። ስንተላለፍ አንተያይም። የጎንደር መንገድ ተዘግቷል፤ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ እንኳ መኪና አይሄድም። አምቡላንሱ ግቢ ውስጥ ቆሟል፣ ጎማውን ጭቃ ውጦታል።

ጳጉሜን 1
የየኔታ ውሃ ተመልሷል። ደረታቸውን በጣቴ ሳንኳኳው እንደ ግንድ ያለ ድምፅ ይሰጣል። አንዱን ሐረግ በሦስት ትንፋሽ ከፈልሁት ብለው ነገሩኝ፣ ሌላ ሰው ያጠፋ ይመስል። ለቅዱስ ዮሐንስ ማሕሌት ደብራቸው መድረስ ይፈልጋሉ፤ ደቀ መዝሙሮቻቸው ያለ እሳቸው ዓመቱን ከፍተው አያውቁም። አይቻልም ልላቸው ይገባ ነበር። ከቀዳሁልዎት ይደርሳሉ አልኋቸው።

ጳጉሜን 2
እሑድ። ናዝራዊት ዕረፍት ላይ ስለሆነች ደስ እያለኝ ገባሁ። አየሁ፣ ለካሁ፣ ምልክት አደረግሁ። ጥቁሩ እስክሪብቶ ስለነጠፈ በሰማያዊ። ወዲያው መብራት ሄደ። መቀቀያውም ቆመ፣ ንጹሕ የመቅጃ ዕቃ የለም። በቃ ነገ። ምልክቱን እንዳያሹት ብዬ ለወይዘሮ እቴነሽ አደራ ሰጠኋቸው። "በዓይኔ እጠብቀዋለሁ" አሉኝ።

ጳጉሜን 3
ሩፋኤል። ከባድ ዝናብ። ስደርስ ግማሹ በሽተኛ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከወገብ በላይ ራቁቱን ዝናቡን ይጠመቃል። ታከለም አብሮ። ጮኽሁ። የዛሬው ዝናብ ጠበል ነው፣ ማን ይሰማኛል።

የኔታ ተጠምቀው ገብተዋል። ይንቀጠቀጣሉ። ትንፋሽ በደቂቃ 38።

ናዝራዊት ጋ ምጥ ላይ ያለች ሴት አለች። ማሽኑ አይገኝም።

ምልክቱ ነበር። ጥቁር፣ ጥርት ያለ።

ወጋሁ። ደም። ውሃው ደም የቀላቀለ መስሎኝ መርፌውን ይበልጥ አስገባሁት።

አልነበረም።

ማታ
ግፊታቸው ወረደ። ሆዳቸው ጠነከረ። ጣፊያ ነው። ኔትወርክ ሲመጣ ጎንደር ለሚሠራ ቀዶ ሐኪም ደወልሁ፤ ዛሬውኑ አምጪልኝ አለኝ። በምን? ሹፌሩ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። የነበረንን ሁለት ከረጢት ደም ሰጠሁ። ሦስተኛውን ታከለ ሰጠ።

የኔታ ዮሐንስ ስንት ቀን ቀረው አሉኝ። ሁለት ቀን አልሁ፣ ከነገ ወዲያ አልሁ፤ መቁጠር አቃተኝ። ያደርሰኝ ይሆን አሉ። ያደርስዎታል አልሁ።

ጳጉሜን 4
ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዐረፉ።

ጳጉሜን 5
ስለ ትናንቱ ልጻፍ። መጻፍ ካልቻልሁ ነገ ሥራ አልገባም።

ወይዘሮ እቴነሽ አስከሬኑን ሲያጥቡ በባላቸው ጀርባ ላይ ያለው መስቀል አልለቅ አላቸው። ጨርቁን አስቀምጠው ለታከለ ነገሩት። ሰኞ ጠዋት ዝናቡ የኔን ምልክት አጥቦ ወስዶታል። ዶክተሯ አደራ ብላኝ፣ ያለ መስቀሉ ልትወጋቸው ነው ብለው ደነገጡ። የኔታ ድጓ የሚጽፉበት ብርዕና ቀለም ከራስጌ በከረጢት ነበር። በዚያ ደገሙት። ባላቸው ቆመው፣ ክንዳቸው ወርዶ። እኔ ያደረግሁት ግን ተቀምጠው፣ ትራስ አቅፈው፣ ክንዳቸው ወደፊት ተዘርግቶ ነው። ቆዳ እንደ ልብስ ነው፣ ከክንድ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል፤ በትዝታ የተደገመው ቀለም ከኔ ምልክት ጋር አልገጠመም። ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ነበር። ሁለት ጣት ከሳንባው ውሃ ወደ ጣፊያው ይወስዳል።

ምስኪን ሴትዮ። ለበጎ ብለው ነው።

ታከለ ይህን ሲነግረኝ ፊቴን እያየ ነበር። ለምን እንደሚያየኝ አላውቅም። አንድ ነገር የሚጠብቅ ይመስል ቆመ፣ ከዚያ ሄደ።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይላሉ። እኔ የምለቅመው የለኝም።

መስከረም 1
እማዬ እንኳን አደረሰሽ ብላ ደወለች። እንኳን አብሮ አደረሰን። የዜማ መምህሩስ እንዴት ሆኑ ስትለኝ ኔትወርኩ ተቋረጠ። አልተቋረጠም፤ ተቋረጠ ብዬ ዘጋሁት።

መስከረም 3
ዋና ሐኪማችን ዶክተር ወንድምአገኝ ቢሮ ጠራኝ። ደግ ሰው ነው፣ ለዚህ ነው የሚያስፈራው። ሪፖርቱን ጽፎ ጨርሶታል። "ባለሙያዋ በአልትራሳውንድ ያመለከተችው ቦታ ያለ ባለሙያዋ ዕውቅና በታካሚው ቤተሰብ በመለወጡ" ይላል። አንብቢና ፈርሚ አለኝ። አነበብሁት። ለውጠውታል፣ እውነት ነው። ውሸት የለበትም። "ያለ ባለሙያዋ ዕውቅና" የሚለው ላይ ትንሽ ቆየሁ። ገና ልጅ ነሽ፣ በአንድ ሰው ምክንያት ሥራሽን አትጪ አለኝ።

ፈረምሁ።

መስከረም 6
ሦስት ሰው አየሁ። የሁሉንም ቀጠሮ አዛወርሁ። ዕቃ የለም ብዬ ነው። ዕቃ አለ።

መስከረም 9
ናዝራዊት ቤቴ መጣች። ድፎ ዳቦ ይዛ። በሩ ላይ ቆማ፣ ግቢ ሳልላት ገባች። ያን ቀን የተናገርኋትን እንዳልሰማች አለፈችው። ከዚያ አንድ ነገር ሲከነክናት እንደሰነበተ ነገረችኝ።

"የሩፋኤል ሰኞ እስከ አምስት ሰዓት አንድም ምጥ አልነበረብኝም። ማሽኑን አብርቼ ተቀምጬ ነበር። የኔታን ታመጫቸዋለሽ ብዬ። ምነው አልጠራሽኝም?"

ምጥ ላይ ያለች ሴት አለች ተብዬ ነው አልኋት። ማን አለሽ አለችኝ። አላስታውስም አልሁ።

ከሄደች በኋላ ጳጉሜን 3 የጻፍሁትን ገልጬ አነበብሁ። ምጥ ላይ ያለች ሴት ይላል። የኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። እሷ ክፍል ድረስ አልሄድሁም፤ ሰውም አልላክሁም። ፊቷን ማየት አፍሬ ነበር። ይኸው ነው። አንድ ይቅርታ ነበር የሚቀረኝ።

መስከረም 15
ዛሬ ታከለ የነገረኝ። ወይዘሮ እቴነሽ ሪፖርቱ ምን እንደሚል ሰምተዋል። ማን እንደነገራቸው አይታወቅም፤ ትንሽ ከተማ ነው። ሰምተው ቀጥታ ንስሐ አባታቸው ጋ ሄዱ። ነፍስ አጥፍቻለሁ፣ ባሌን በእጄ ገደልሁት ብለው። ቄሱ ሳታውቂ ነው ቢሏቸው እንቢ አሉ፤ ቀኖና ስጡኝ ብለው በር ላይ ተቀመጡ። አርባ ቀን ስግደት ተሰጣቸው፣ በቀን ሰባ። ከመስከረም አምስት ጀምረዋል። ጉልበታቸው ያበጠ ነው፣ ሆስፒታል ሳሉ እኔው ነኝ ቅባት ያዘዝሁላቸው።

ታከለ ነግሮኝ እንደገና ቆመ። እንደዚያ ቀን። ምንድን ነው የምትጠብቀው ብዬ ጮኽሁበት።

"እኔም እኮ መስቀሉን አይቼው ነበር ዶክተር" አለ። "ዕቃውን ሳቀብልሽ። የእስክሪብቶ እንዳልሆነ ያስታውቅ ነበር። አንቺ ምንም ስላላልሽ እኔም ምንም አላልሁም።"

መስከረም 16
ደመራ። አልወጣሁም። ከመስኮት ጭሱን አየሁት። ወይዘሮ እቴነሽ ዛሬም ይሰግዳሉ።

መስከረም 18
እስክሪብቶዬ ሰማያዊ ነበር።

ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። እስክሪብቶዬ ሰማያዊ ነበር፤ የኔ ምልክት የተማሪ ስሕተት የሚሰረዝበት ዓይነት × ነው። ያ መስቀል ጥቁር ነበር፣ አራቱም ጫፉ ቅርንጫፍ ነበረው፣ እንደ ብራና መጽሐፍ የሐረግ ጌጥ። የኔታን ትራስ አሳቅፌ ቀሚሳቸውን ስገልጥ አየሁት። መጀመሪያ ያልሁት ይህን ማን እንዲህ አሳምሮ ሣለው ነው። ቀጥዬ ያልሁት ደግሞ እንኳን ዝናቡ አላጠፋው ነው። ሁለቱም ሐሳብ አንድ ላይ መቆም አይችሉም። እኔ ግን ሁለተኛውን መረጥሁ፤ ያኛው ናዝራዊት ጋ ይወስደኝ ነበር። ግቢው ሠላሳ እርምጃ ነው። በዝናብ ጊዜ ምናልባት አርባ።

ሴትዮዋ ምልክቱን ለወጡ። እኔ ግን እንደተለወጠ ዐይቼ ወጋሁ። ከዚያም ፈረምሁባቸው።

አሁን ስንተኛው ስግደት ላይ ይሆኑ? አይ፣ ትናንት መስቀል ነበር፣ ዛሬ እሑድ ነው፣ አይሰገድም። ለሁለት ቀን ዐርፈዋል። ደስ ሲለኝ ራሴን ታዘብሁት።

መስከረም 20
ጠዋት ለዶክተር ወንድምአገኝ ሁለተኛ ወረቀት ሰጠሁት። አንድ ገጽ፣ የቀለሙንም የማሽኑንም ነገር ጽፌ፣ ፈርሜ። ቆሞ አነበበው። ይህ እኔ መሳቢያ ውስጥ ቢቀር ማንም አያውቅም፣ ዞን ጤና መምሪያ ከደረሰ ግን መመለሻ የለውም፣ ሂጂና አስቢበት አለኝ። አስቤበታለሁ፣ ይላኩልኝ አልሁት። ከዚያ ጋውኔን ሰቅዬ በእግሬ ወጣሁ።

ሁለት ሰዓት የተባለው መንገድ ሦስት ፈጀብኝ። ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አወለቀው። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው። ቤታቸው ከደብሩ ቅጥር ሥር ናት። ደቀ መዝሙሮቹ ሌላ መምህር ፍለጋ ሄደዋል አሉ፣ ጎጆዎቹ ባዶ ናቸው። ወይዘሮ እቴነሽ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ግንባራቸው መሐል ላይ አፈር የነካው ክብ ነገር አለ። ለመነሣት ሲሞክሩ ጉልበታቸው እንቢ አላቸው። አይነሡ አልኋቸውና አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ሐዘኑን እንኳ ደርሼ አላውቅም። እግዚአብሔር ያጥናዎት አልሁ። "ሸጋ አደረግሽ መምጣትሽ" አሉኝ። ውሃ ጠጪ አሉኝ። ያን ጊዜ ካልተናገርሁ እንደማልናገር አወቅሁ።

"እማማ፣ መስቀሉ የኔ እንዳልነበረ ዐይቼ ነው የወጋኋቸው" አልሁ።

አልሰሙኝም መሰለኝ። ደግሜ ነገርኋቸው። ቀለሙን ነገርኋቸው። ማሽኑ ባዶ ተቀምጦ እንደነበር፣ ያስቀየምኋትን ሴት ላለማየት ብዬ እንዳልሄድሁ ነገርኋቸው። ወረቀቱ ላይ የፈረምሁትም እኔ ነኝ አልሁ። መሬት መሬት ያያሉ። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር፤ ወይም ይረግሙኛል። እርግማናቸውን ፈልጌ ነበር መሰለኝ የመጣሁት።

"ዐይተሽ ነው?" አሉኝ በመጨረሻ።

"ዐይቼ ነው።"

"ምነው እንግዲያ እስካሁን? አሥራ ሁለት ቀን ሰገድሁ፣ ልጄ። ገደልሁት እያልሁ።"

ያ ሁሉ የኔ ነው አልኋቸው፤ አሥራ ሁለቱንም እኔ ልስገደው፣ ንስሐ አባትዎ ጋ ሄጄ ልንገራቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የሰገድሁት የኔ ነው። የማላውቀው ነገር ላይ እጄን ሰድጃለሁ፣ እሱን አልሰጥሽም። ቀሪው ሃያ ስምንት ቀን ነው። እሱ ያንቺ ነው።"

ቁርበቱን ከግድግዳው አውርጂው አሉኝ። አነጠፍሁት። ስግደት ታውቂያለሽ ወይ ሲሉኝ በልጅነቴ ከእማዬ ጋር ዐርብ ስቅለት ብቻ አልሁ። እጅሽ ይቅደም፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ግንባር፣ ስትነሺ ሙሉ በሙሉ ቁሚ ብለው አሳዩኝ። እሳቸው በር ላይ እንደተቀመጡ ይቆጥሩልኝ ጀመር። ጭቃ የያዘ ሱሪዬ እግሬ ላይ ተጣበቀ። ሠላሳ አንደኛው ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ተንበርክኬ ቀረሁ። አልተቆጡም፣ አልማሩኝምም።

"ሠላሳ አንድ" አሉ። ጠበቁኝ።